የአንድ ካርድ ጥንካሬ በምን ይለካል? በ«ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ላይ የተመሠረተ የምዘና ዘዴዎች ፍተሻ

መነሻ

በተለመደው የ52 ካርታ ጨዋታ የእያንዳንዱ ካርታ ደረጃ አስቀድሞ በጨዋታው ሕግ ተወስኗል። ንጉሥ ከንግሥት መብለጡን ለማወቅ ስሌት አያስፈልግም። በሚሰበሰቡ ካርዶች ጨዋታ ግን ካርዱ ላይ የሚጻፈው ደረጃ ሳይሆን ተግባር ነው፤ «ይህን ያህል ክፈል፣ ይህን አድርግ» ይላል። ከሌላው ካርድ ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ የመመዘኑ ሥራ ለተጫዋቹ፣ ለንድፍ አውጪውና ለተመራማሪው ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ምዘና የሚያገለግሉ ዘዴዎችን አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ በተለይም ከብዙ ሺህ ጨዋታዎች የሚሰበሰብ የውጤት መረጃ፣ ከሁሉም የበለጠ ተጨባጭ ቢመስልም፣ ያለ እርማት ሲነበብ ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል በስሌት ያሳያል።

ለማሳያ የተመረጠው በዓይነቱ ቀዳሚ የሆነው «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» ነው። ጨዋታውን የፈለሰፈው የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ ሲሆን፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትሞታል። ከዚያ ወዲህ ከ20,000 በላይ የተለያዩ ካርዶች ታትመዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች ከነዚህ መካከል መርጦ ቢያንስ 60 ካርዶች ያሉት የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል፤ ከመሠረታዊ የመሬት ካርዶች በስተቀር የአንድ ካርድ ቅጂ ከ4 መብለጥ አይችልም። ጨዋታው በ20 የሕይወት ነጥብና በ7 የመነሻ ካርዶች ይጀመራል። ተጫዋቹ በየተራው አንድ ካርድ ይስባል፣ አንድ የመሬት ካርድ ይዘረጋል፤ እያንዳንዱ መሬት በየተራው አንድ ማና ይሰጣል። ማና የጨዋታው መገበያያ ነው፤ ሌሎቹ ካርዶች የሚከፈሉት በእርሱ ነው።

አምስት ካርዶች በአንድ ዋጋ

የመጀመሪያው እትም ለምዘና ጥናት ታስቦ የተዘጋጀ የሚመስል፣ ግን እንዲያ ያልታሰበ ሙከራ ይዟል። በጨዋታው ውስጥ ያሉት አምስቱ ቀለማት እያንዳንዳቸው አንድ ማና የሚያስከፍልና የሆነ ነገር በሦስት የሚሰጥ ካርድ ተመድቦላቸዋል። ሂሊንግ ሳልቭ 3 የሕይወት ነጥብ ይመልሳል ወይም 3 ጉዳት ይከላከላል። ላይትኒንግ ቦልት 3 ጉዳት ያደርሳል። ጃያንት ግሮውዝ ለአንድ ፍጡር እስከ ተራው መጨረሻ ድረስ 3 ጉልበትና 3 ጽናት ይጨምራል። ዳርክ ሪቹዋል 3 ማና ያስገኛል። አንሴስትራል ሪኮል 3 ካርድ ያስስባል።

ዋጋው አንድ ነው፤ የሚገኘውም በቁጥር አንድ ነው። ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆነ። አንሴስትራል ሪኮል ዛሬ ሌጋሲ በተባለው የውድድር ዓይነት ፈጽሞ የታገደ ሲሆን፣ ቪንቴጅ በተባለው ደግሞ በአንድ ጥቅል ከ1 ቅጂ በላይ እንዳይገባ ተገድቧል። ላይትኒንግ ቦልት ከሠላሳ ዓመት በኋላም የሌሎች የጉዳት ካርዶች መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። ሂሊንግ ሳልቭ ግን ማንም ሳይከለክለው ከጠንካራ ጥቅሎች ውጭ ቀርቷል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ሦስት የተባለው ቁጥር የሚቆጥረው ነገር ነው። ተጫዋቹ በተፈጥሯዊው የጨዋታ ሂደት በየተራው የሚያገኘው ካርድ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ 3 ካርድ ማለት የሦስት ተራ ገቢ ነው፤ ለዚህ የተከፈለው አንድ ካርድ ሲቀነስ እንኳ የሁለት ካርድ ትርፍ ይቀራል። 3 የሕይወት ነጥብ ግን ከመነሻው 20 ውስጥ 15 በመቶ ነው፤ ይህም በቀጥታ ሲታይ ጨዋታውን የሚወስነው የመጨረሻው ነጥብ ብቻ ስለሆነ ከቁጥሩ ያነሰ ዋጋ አለው። ተጫዋቹ 19 ነጥብ አጥቶ በ1 ነጥብ ቢያሸንፍ ድሉ ያው ድል ነው። ላይትኒንግ ቦልት በመካከል የሚቆመው ምርጫ ስለሚሰጥ ነው፤ በተቃዋሚው ላይ ሲወረወር የሂሊንግ ሳልቭ ግልባጭ ይሆናል፣ ተቃዋሚው ሦስት ማና ከፍሎ ያወጣውን ፍጡር ሲገድል ግን በአንድ ማና ሦስት ማና ያስከስራል።

የመጀመሪያው እትም አዘጋጆች ልዩነቱን ፈጽሞ አላስተዋሉትም ማለት አይደለም። አራቱ ካርዶች በብዛት ሲታተሙ አንሴስትራል ሪኮል ብቻውን በብርቅዬ ካርዶች ተርታ ተመድቧል። እሳቤው እያንዳንዱ ተጫዋች ጥቂት ካርድ ብቻ ስለሚገዛ ብርቅዬው ካርድ በአንድ አካባቢ እምብዛም አይታይም የሚል ነበር። ጨዋታው ከታሰበው በላይ ሲሸጥ ይህ መከላከያ ፈረሰ። ብርቅነት የገበያ ዋጋን ይወስናል እንጂ እጅ ውስጥ የገባን ካርድ አያዳክምም።

ሕይወት በካርድ ሲመነዘር

የአምስቱ ካርዶች ንጽጽር የምንዛሪ ጥያቄ ያስነሳል፤ አንድ የሕይወት ነጥብ ስንት ካርድ ያወጣል? እ.ኤ.አ. በ1995 አይስ ኤጅ በተባለው እትም የወጣው ኔክሮፖተንስ ይህን ጥያቄ በግልጽ ገበያ ላይ አቀረበው። ካርዱ ሦስት ጥቁር ማና ያስከፍላል። የባለቤቱን የየተራ ካርድ መሳብ ያስቀራል፤ በምትኩ በእያንዳንዱ የሕይወት ነጥብ አንድ ካርድ እንዲገዛና ካርዶቹን በተራው መጨረሻ እጁ እንዲያስገባ ይፈቅድለታል።

ሲወጣ ብዙዎች ንቀውታል። ነጻ የነበረውን ካርድ ያስቀራል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ካርድ ደግሞ ከሕይወት ይቀንሳል፤ ካርዱን ያነበበ ሰው ሁለት ኪሳራ ጎን ለጎን ያያል። በስሌት ሲታይ ግን ተቃራኒው ነው። በሂሊንግ ሳልቭ አንድ ሙሉ ካርድና አንድ ማና ወጥቶበት የሚገኘው 3 የሕይወት ነጥብ፣ በኔክሮፖተንስ 3 ካርድ ይገዛል። አንዱ ካርድ ደካማ የሆነበት ምክንያት ሌላውን ጠንካራ ያደርገዋል። ባለቤቱ በየተራው እጁን እስከ 7 ካርድ እየሞላ ሲጫወት፣ በየተራው አንድ ካርድ ብቻ የሚስበው ተቃዋሚ ሊወዳደረው አይችልም። እ.ኤ.አ. የ1996 የበጋ ወራት (በኢትዮጵያ ክረምት የሆነው ወቅት ማለት ነው) በጨዋታው ታሪክ «ጥቁሩ በጋ» ተብለው የሚጠሩት በዚህ ካርድ የተገነቡ ጥቅሎች ውድድሮችን ስለተቆጣጠሩ ነው። ካርዱ ዛሬም በሌጋሲ የታገደ ነው።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው የተሳሳቱት ሰዎች ካርዱን በትክክል ማንበባቸው ነው። የጎደላቸው በሁለት ሀብቶች መካከል ያለውን የምንዛሪ መጠን ማወቅ ነበር፤ ይህ መጠን ደግሞ በየትኛውም ካርድ ላይ አይጻፍም።

ማና እና ጊዜ

የካርድ ዋጋ በማና ቢገለጽም ሁሉም ማና እኩል አይደለም። አራት ማና የሚያስከፍል ካርድ አንድ ማና ከሚያስከፍለው አራት እጥፍ ይወደዳል ብሎ መነሳት የተለመደ ነው፤ ይህ አነጋገር ግን ጊዜንም ዕድልንም ይዘነጋል። ከ60 ካርዶች ውስጥ 24ቱ መሬት የሆኑበትን የተለመደ ጥቅል እንውሰድ። ጨዋታውን የሚጀምረው ተጫዋች በመጀመሪያ ተራው ካርድ ስለማይስብ፣ እስከ አራተኛው ተራ 10 ካርዶችን፣ እስከ ስድስተኛው ተራ ደግሞ 12 ካርዶችን ያያል። የመነሻ እጅ መቀየርና ተጨማሪ ካርድ መሳብ ሳይታሰቡ ሲሰላ፣ በመጀመሪያው ተራ ቢያንስ አንድ መሬት የማግኘት ዕድሉ 98 በመቶ ነው። በአራተኛው ተራ አራት መሬት የማሟላት ዕድሉ ወደ 63 በመቶ ይወርዳል። በስድስተኛው ተራ ስድስት መሬት የማሟላት ዕድሉ 32 በመቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስድስት ማና የሚጠይቅ ካርድ «በስድስተኛው ተራ ይወጣል» ሲባል ከሦስት ጨዋታዎች በሁለቱ የማይፈጸም ተስፋ ነው የሚነገረው። ካርዱ እጅ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅበት እያንዳንዱ ተራ የዋጋው አካል ነው። በዚህ መሠረት የማና ዋጋ ሲጨምር የካርዱ ውጤት ከዋጋው ጋር በተመጣጠነ ሳይሆን ከዚያ በፈጠነ መጠን ማደግ ይኖርበታል። የዳርክ ሪቹዋል ጥንካሬም የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ አንድ ካርድ ከስሮ የሚገዛው ሁለት ማና ብቻ ሳይሆን ሁለት ተራ ጭምር ነው። በመጀመሪያው ተራ ኔክሮፖተንስን ያወጣል። በአሥረኛው ተራ ሲሳብ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ወረቀት ነው። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ይመለሳል።

የብቻ ጥንካሬና የጥምር ጥንካሬ

እስካሁን የቀረበው ስሌት ካርዱን ለብቻው ይመዝናል። ስከልክላምፕ የዚህን ዘዴ ወሰን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዳርክስቲል በተባለው እትም የወጣው ይህ መሣሪያ አንድ ማና ያስከፍላል፤ በሌላ አንድ ማና ለአንድ ፍጡር ይታጠቃል። ለታጠቀው ፍጡር 1 ጉልበት ይጨምራል፣ 1 ጽናት ይቀንሳል፤ የታጠቀው ፍጡር ሲሞት ባለቤቱ 2 ካርድ ይስባል። ጽናት መቀነሱ ጉድለት ይመስላል። ሆኖም ጽናቱ 1 የሆነ ፍጡር መሣሪያውን እንደታጠቀ ይሞታል፤ ስለዚህ ባለቤቱ በአንድ ማና አንድ ትንሽ ፍጡር በሁለት ካርድ ይለውጣል፤ ማናው እስካለ ድረስም ይደጋግመዋል። የጽናት ቅነሳው የገባው በንድፉ ሥራ ማብቂያ አካባቢ በተደረገ ለውጥ ሲሆን፣ ለውጡ በቂ ሙከራ ሳይደረግበት ነው የታተመው። ካርዱ በዚያው ዓመት በሰኔ ስታንዳርድ ከተባለው ውድድር ታገደ።

ስከልክላምፕ ትላልቅ ፍጡራን ብቻ ባሉበት ጥቅል ውስጥ መካከለኛ ካርድ ነው፤ ፍጡር በሌለበት ጥቅል ውስጥ ምንም አይደለም። ጥንካሬው ያለው በግንኙነቱ ውስጥ ነው። ይህን ሁሉ ግንኙነት ዘርዝሮ መመዘን ደግሞ በፍጥነት ከአቅም በላይ ይሆናል። 250 ካርዶች ባሉት አንድ እትም ውስጥ ብቻ 31,125 ጥንዶች አሉ፤ ሦስት ሦስት እየሆኑ የሚሠሩት ገና አልተቆጠሩም።

አንድ ሰው ለዚህ የተሟላ ትርጉም ልስጥ ቢል እንዲህ ማለት ይችላል፦ የካርድ ጥንካሬ ማለት በአንድ የታወቀ ጥቅል ውስጥ አንድን መደበኛ ካርድ በዚህ ካርድ ብንተካ፣ በታወቁ ተቃዋሚዎች ላይ፣ በትክክል በሚጫወት ሰው እጅ የማሸነፍ ዕድሉ የሚለወጥበት መጠን ነው። ትርጉሙ ያማረ ነው፤ ነገር ግን «በትክክል በሚጫወት ሰው» የሚለው ሐረግ ብቻውን ያፈርሰዋል። አሌክስ ቸርችል፣ ስቴላ ቢደርማንና ኦስቲን ሄሪክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባቀረቡት ጥናት ማጂክ የቱሪንግ ማሽንን ሥራ ሙሉ በሙሉ ማስመሰል እንደሚችል አረጋግጠዋል፤ በዚህም አሸናፊው ማን እንደሚሆን በየትኛውም ስልተ ቀመር ሊወሰን የማይችልባቸው የጨዋታ ሁኔታዎች አሉ። እርግጥ እንዲህ ያሉ ሁኔታዎች በተራ ጨዋታ አይገጥሙም፤ ስለዚህ ግኝቱ ተግባራዊ ምዘናን አይከለክልም። ዋርድ እና ካውሊንግ እ.ኤ.አ. በ2009 እንዳደረጉት በተቀለለ ጨዋታ ላይ በሞንቴ ካርሎ ፍለጋ ውሳኔዎችን መመዘን ይቻላል። የተሟላው ትርጉም ግን ሊቀርቡት እንጂ ሊደርሱበት የማይቻል ሆኖ ይቀራል።

የውጤት መረጃ የሚደብቀው

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የምዘናው ማዕከል ከአመክንዮ ወደ መረጃ ዞሯል። ጨዋታው በኮምፒውተር መጫወት ከጀመረ በኋላ ሰቨንቲን ላንድስ የተባለው አገልግሎት ፈቃደኛ ተጫዋቾች የተጫወቷቸውን ጨዋታዎች እየመዘገበ፣ የእያንዳንዱን ካርድ የድል ምጣኔ ያሰላል፤ ጥሬ መረጃውንም ለተመራማሪዎች ክፍት አድርጓል። መረጃው በዋናነት የሚመለከተው ድራፍት የተባለውን ውድድር ነው፤ በዚህ ተጫዋቾች ካርዶችን በየተራ እየመረጡ የ40 ካርድ ጥቅል ይሠራሉ። በጣም የሚጠቀሰው መለኪያ ካርዱ በጨዋታው ውስጥ እጅ የገባባቸው ጨዋታዎች የድል ምጣኔ ነው፤ ከዚህ በኋላ «የእጅ ምጣኔ» ይባላል።

ይህ መለኪያ መጀመሪያ የሚከሰሰው ጥቅሉንና ተጫዋቹን ከካርዱ ጋር ስለሚቀላቅል ነው። ደካማ ካርድ ጠንካራ በሆነ ቀለም ውስጥ ቢገኝ የጎረቤቶቹን ድል ይወርሳል። የተዋጣላቸው ተጫዋቾች የሚመርጡት ካርድም እንዲሁ። የተለመደው መፍትሔ የእጅ ምጣኔውን ያው ካርድ ጥቅሉ ውስጥ እያለ ሳይሳብ ከቀረባቸው ጨዋታዎች ምጣኔ ጋር ማነጻጸር ነው። ጥቅሉም ተጫዋቹም በሁለቱም ወገን አንድ ስለሆኑ ልዩነቱ የካርዱ ብቻ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ክርክሩ አሳማኝ ነው። ነገር ግን የጨዋታውን ርዝመት ይዘነጋል።

በ40 ካርድ ጥቅል ውስጥ 1 ቅጂ ያለው ካርድ በስድስተኛው ተራ እስከሚያበቃ ጨዋታ ድረስ የመታየት ዕድሉ 12 ከ40፣ ማለትም 30 በመቶ ነው፤ በአሥረኛው ተራ በሚያበቃ ጨዋታ ደግሞ 16 ከ40፣ ማለትም 40 በመቶ ነው። «እጅ የገባባቸው ጨዋታዎች» የሚለው ስብስብ በራሱ ወደ ረዥም ጨዋታዎች ያጋደለ ነው። አሁን በፍጥነት የሚያጠቃ ጥቅል እንውሰድ፤ ጨዋታዎቹ ግማሽ በግማሽ በስድስተኛውና በአሥረኛው ተራ ያበቃሉ እንበል፤ ከአጫጭሮቹ 60 በመቶውን፣ ከረዣዥሞቹ 40 በመቶውን ያሸንፋል እንበል። በዚህ ጥቅል ውስጥ በውጤቱም ሆነ በርዝመቱ ላይ አንዳች ለውጥ የማያመጣ ካርድ አለ እንበል። የእጅ ምጣኔው 48.6 በመቶ ይሆናል፤ ሳይሳብ የቀረባቸው ጨዋታዎች ምጣኔ ደግሞ 50.8 በመቶ። ምንም የማያደርገው ካርድ 2.2 የመቶኛ ነጥብ የሚጎዳ ሆኖ ይመዘገባል።

ያንኑ ካርድ ጨዋታውን እያዘገየ በመጨረሻ ወደሚያሸንፍ ጥቅል እናዛውረው፤ አሁን ከአጫጭሮቹ 40፣ ከረዣዥሞቹ 60 በመቶ ያሸንፋል። የእጅ ምጣኔው 51.4፣ ሳይሳብ የቀረበት ምጣኔ 49.2 በመቶ ይሆናል። ካርዱ አሁን 2.2 ነጥብ የሚጠቅም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 4.4 ነጥብ ልዩነት ከርዝመት አድልዎ ብቻ የመጣ ነው። በእነዚህ ሠንጠረዦች ውስጥ ተከታታይ ደረጃ ባላቸው ካርዶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከ1 ነጥብ በታች መሆኑ ሲታሰብ፣ አድልዎው ከሚለካው ነገር ሊበልጥ ይችላል ማለት ነው። ጥቅልና ተጫዋችን ለማስተካከል የተወሰደው እርምጃ ሌላ በር ከፈተ።

ጨዋታዎቹን በርዝመት ከፋፍሎ ማነጻጸር ቀላሉ መውጫ ይመስላል፤ ከላይ ባለው ምሳሌም ልዩነቱን በትክክል ዜሮ ያደርገዋል። ግን ምሳሌው የተሠራው ካርዱ ርዝመቱን አይለውጥም ተብሎ ነው። እውነተኛ ጠንካራ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታውን ያሳጥራል፤ ስለዚህ ርዝመቱ የካርዱ ውጤት ራሱ ነው። ውጤትን መከፋፈያ ማድረግ ሊለካ የተፈለገውን ነገር ከመለኪያው ቆርጦ እንደመጣል ነው። ሌላው አማራጭ ካርዱ በመነሻው 7 ካርድ ውስጥ የነበረባቸውን ጨዋታዎች ብቻ መውሰድ ነው። ይህ ዕድል በአጭርም በረዥምም ጨዋታ 17.5 በመቶ ስለሆነ የርዝመት አድልዎው ይጠፋል። በአንጻሩ ለመጨረሻው ሰዓት የተሠሩ ውድ ካርዶች ከሚገባቸው በታች ይመዘናሉ፤ መጥፎ መነሻ እጅን መልሶ መለወጥ መፈቀዱም አዲስ ምርጫ ያስገባል። ናሙናውም ይሳሳል። የድል ምጣኔው 55 በመቶ አካባቢ ቢሆን፣ በ95 በመቶ የእርግጠኝነት ወሰን ግማሽ ነጥብ ወደላይና ወደታች ለመድረስ 38,000 ያህል ጨዋታዎች ያስፈልጋሉ፤ ከ100 ጨዋታዎች 17.5ቱ ብቻ የሚቆጠሩ ከሆነ ወደ 217,000 ጨዋታዎች መመዝገብ አለባቸው። ይህም ለአንድ ካርድ ነው። ሁለት የተወሰኑ ካርዶች በአንድ መነሻ እጅ የሚገናኙት ሁለቱም በጥቅሉ ውስጥ እያሉ እንኳ በ2.7 በመቶ ጨዋታዎች ብቻ ስለሆነ፣ የስከልክላምፕ ዓይነት ጥምር ጥንካሬ በዚህ መንገድ ሊገኝ አይችልም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር መታየት አለበት። ካርዱ በጣም ጠንካራ ሆኖ በሁሉም ጥቅል ውስጥ ቢገባ፣ ሁለቱም ወገን ስለሚይዙት የጥቅሎቹ የድል ምጣኔ ወደ 50 በመቶ ይጠጋል። ምጣኔ ብቻ የሚያይ ተመራማሪ መካከለኛ ካርድ አየሁ ብሎ ያልፋል። ለእግድ ውሳኔ ካርዱ ምን ያህል ጥቅሎች ውስጥ እንደገባ መቁጠር ከድል ምጣኔው ያላነሰ ማስረጃ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ብወዛ እንደ ሙከራ

ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹን የሚያስወግድ ንጽጽር በጨዋታው ውስጥ ራሱ አለ። ጥቅሉ ከመጀመሩ በፊት ይበወዛል። ስለዚህ አንድ ጨዋታ፣ ለምሳሌ፣ አምስተኛው ተራ ላይ ከደረሰ፣ በዚያ ቅጽበት የሚሳበው ካርድ የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው ዕጣ እንጂ የተጫዋቹ ችሎታ ወይም የጨዋታው አካሄድ አይደለም። ተመራማሪው አምስተኛው ተራ ላይ የደረሱና ካርዱ ገና ያልታየባቸውን ጨዋታዎች ሰብስቦ፣ ያን ጊዜ ካርዱ የተሳበባቸውን ሌላ ካርድ ከተሳበባቸው ጋር ቢያነጻጽር፣ በእጁ ያለው በዕጣ የተመደበ ሙከራ ነው። ጥቅሉ አንድ፣ ተጫዋቹ አንድ፣ ያለፈው ርዝመት አንድ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቢያጥር ወይም ቢረዝም የካርዱ ሥራ ውጤት ሆኖ ይቆጠራል።

ዘዴው አንድ ቁጥር አይሰጥም። የሚሰጠው በየተራው የሚለዋወጥ መስመር ነው፤ ይህም ጉድለቱ ሳይሆን ጥቅሙ ነው። የዳርክ ሪቹዋል መስመር ከላይ ጀምሮ በፍጥነት እንደሚወርድ፣ የስድስት ማና ካርድ መስመር ደግሞ ከታች ተነሥቶ እንደሚወጣ ይጠበቃል፤ የሁለቱ መስመሮች መገናኛም የአንዱ ካርድ ቦታ ለሌላው መለቀቅ ያለበትን የጨዋታ ፍጥነት ያመለክታል። በአንድ አማካይ ቁጥር የተጨፈለቁ ሁለት ካርዶች እኩል ሆነው ሲታዩ፣ በእውነቱ ግን በምንም ዓይነት ጨዋታ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

ዋጋው ከባድ ነው። በ40 ካርድ ጥቅል ውስጥ 1 ቅጂ ያለው ካርድ በአንድ በተወሰነ ተራ የሚሳበው ከጨዋታዎቹ በ2.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀደም ሲል የተጠቀሰውን የግማሽ ነጥብ ትክክለኛነት ለማግኘት በዚያ ተራ ላይ የደረሱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ጨዋታዎች ያስፈልጋሉ። ሦስት ተከታታይ ተራዎች በአንድ ላይ ቢታዩ ቁጥሩ ወደ 507,000 ይወርዳል። በ60 ካርድ ጥቅል ውስጥ 4 ቅጂ ያለው ካርድ ቁጥሩ የተሻለ ነው፤ የመሳብ ዕድሉ ከ15 አንድ ስለሆነ ለአንድ ተራ 570,000 ያህል ጨዋታዎች ይበቃሉ። ሆኖም የተጫዋቾቹ ጥቅሎች እርስ በርስ ስለሚለያዩ፣ ንጽጽሩ በእያንዳንዱ ጥቅል ውስጥ ተሠርቶ ከዚያ መደመር ይኖርበታል፤ አለበለዚያ የጥቅል ቅልቅሉ በሌላ መንገድ ይመለሳል።

የሚነጻጸረውም ካርዱ ከጥቅሉ ሌሎች ካርዶች አማካይ ጋር ነው፤ ስለዚህ በጠንካራ ጥቅል ውስጥ ያለ ጥሩ ካርድ ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል። መሬት የሆኑትን ካርዶች ከንጽጽሩ ለይቶ ማውጣትም ያስፈልጋል፤ በሁለተኛው ተራ መሬት መሳብና በአሥረኛው ተራ መሬት መሳብ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። በመጨረሻም ብወዛው ዕጣ የሚሆነው የጥቅሉን አናት የሚያዩ፣ የሚያስተካክሉ ወይም ከውስጡ ካርድ ፈልገው የሚያወጡ ካርዶች እስካልገቡ ድረስ ነው። ተጫዋቹ የሚቀጥለውን ካርድ ራሱ ከመረጠ በኋላ የሚመጣው መሳብ የዕጣ ውጤት መሆኑ ስለሚቀር፣ እንዲህ ያለ ድርጊት የተፈጸመባቸው ጨዋታዎች ከዚያች ተራ ጀምሮ ከናሙናው መውጣት ይኖርባቸዋል።